የትንሿ ክፍል ምሩቃን

እስራኤል አገር፣ ኔታንያ ከተማ፣ ኪርያት ኖርዳው በሚባል ሰፈር በምንኖርበት ሺኩን፣ ማለትም መንግሥት ለመጤ ባሠራው አሮጌ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ፣ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ሁሉ የሚያንኳኳው የእኛን በር ነበር። በሱዳን በኩል ስንመጣ ስድስት ዓመቴ ስለነበር ዕብራይስጥ ቶሎ ገባኝ። አማርኛውንም አባቴ አላስረሳኝም፤ ሌላ ቋንቋ አያውቅማ። እናቴን ሱዳን አሸዋ ውስጥ ቀብረን ነው የመጣነው። አባቴ አገር ቤት ሳለ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ኔታንያ ሲገባ የብርቱካን ማሸጊያ ቤት ውስጥ ሣጥን ተሸካሚ ሆነ። ማታ ማታ ደክሞት ሲገባ ጎረቤቶች ወረቀታቸውን ይዘው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያገኛቸዋል። «ልጅቷን አታድክሟት» ይላቸዋል፤ ደስ እንደሚለው ግን ፊቱ ላይ ይታያል። ልጁ የሰው አፍ ሆናለች።

እኔም ደስ ይለኝ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ የትልቅ ሰው ሕመም ለሐኪም እነግር ነበር። ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም፤ ሐኪሙም ጸሐፊውም ሽማግሌውን «አንተ» ብሎ ነው የሚያናግረው። እኔ ስተረጉም ግን «እርስዎ» አደርገዋለሁ። ቁጣውንም አለዝበዋለሁ። ስለዚህ የሺኩናችን አሮጊቶች የዚህ አገር ባለሥልጣን ሁሉ ጨዋ ይመስላቸው ነበር።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ በአውሮፕላን ከመጡት መካከል አንዲት እናትና ልጅ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ገቡ። ልጅቷ እኩያዬ ናት። አባቷ ገና አገር ቤት ሳሉ ሞተዋል። ጎንደር ከተማ እስከ ሰባተኛ ክፍል ተምራለች፤ በየዓመቱ አንደኛ ትወጣ እንደነበር እናቷ በተቀመጡበት ሁሉ ያወራሉ። በሁለት ወር ውስጥ እሷና እኔ እህትማማች ሆንን። እናቷ ባሕሩ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ክፍል ያጸዳሉ፤ ዓርብ ከሥራ ሲመለሱ ሁለታችንንም አስቀምጠው በተራ ፀጉራችንን ይሠሩናል። እናት የሌላት ልጅ መሆኔን አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። ፀጉሬን ሲጎነጉኑ ግን ከልጃቸው ይልቅ ለእኔ እጃቸው ይለሰልስ ነበር።

አሥረኛ ክፍል ልንገባ ስንል፣ በዚህ አገር የበጋው ዕረፍት ሲያልቅ፣ ወላጆች ወደ ትምህርት ቤት ተጠሩ። ትምህርት ቤቱ የሃይማኖት ትምህርት የሚሰጥበት ትልቅ ግቢ ነው። የተማሪዎች አማካሪዋ፣ እኛ በዕብራይስጡ ዮዔጼት የምንላት፣ በሩ ላይ አገኘችኝና ትከሻዬን ይዛ «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር፤ ነይ አጠገቤ ተቀመጪ» አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ አሥራ አንድ ቤተሰብ ተራ ይጠብቃል። ሁሉም የእኛ ሰዎች ናቸው።

የጓደኛዬ እናት ሦስተኛ ገቡ። ነጠላቸውን አጣፍተው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ዮዔጼቷ ለሁሉም የምትለውን ነገረቻቸው። ልጅቷ ትንሽ ክፍል ውስጥ ትገባለች፤ ሃያ ልጅ አይሞላም፤ ትምህርቱ በዝግታ ይሰጣል፤ ከትምህርቱ ጋር ሙያም አለ። እኔ ተረጎምኩ። እሳቸው ሰምተው ወደ እኔ ዞሩና፣

«ጠይቂልኝ እስኪ ልጄ» አሉኝ። «ልጄ ነርስ ልሁን ትላለች። እዚህ ክፍል ገብታ ነርስ መሆን ትችላለች ወይ? እንደሱ በይልኝ።»

እንደሱ አልኩላቸው። ዮዔጼቷ ኮሪደሩ ላይ የተሰለፈውን ሰው በክፍት በር አየችና «ሀኮል ፓቱዋሕ» አለች።

ሁሉም ነገር ክፍት ነው ማለት ነው። በአማርኛ እንዲያ ብላቸው ምን ይረዳሉ? ምኑ ነው የተከፈተው? አፌን አፌን ያያሉ። ዮዔጼቷ ፈገግ ብላለች፤ ፈገግታው መልካም መልካም ነገር የሚናገር ይመስላል። አሥራ አራት ዓመት ከሞላኝ ወራት አልፈው ነበር፤ አሥራ አምስት አልሞላኝም።

«አዎ፣ ትችላለች ይላሉ» አልኳቸው።

«ተመስገን» አሉና ብዕሩን ያዙ። ዕብራይስጥ ፊደል ኡልፓን ውስጥ፣ ለመጤ በሚሰጠው የቋንቋ ትምህርት፣ ጀምረው ነበር። ስማቸውን እያንዳንዱን ፊደል ተጭነው ጻፉ። ጽፈው ሲጨርሱ ወረቀቱ በጀርባው በኩል ያበጠ ነበር። ዮዔጼቷ ሁለት ጊዜ ሰዓቷን አየች።

የመጨረሻው ባለተራ አባቴ ነበር። ስለ ራሴ ለአባቴ ተረጎምኩለት። «አንችስ ምን ትያለሽ?» አለኝ። «ጓደኞቼ ሁሉ እዚያ ናቸው» አልኩት። «እንግዲያስ ይሁን» ብሎ ፈረመ። ከተማ ውስጥ ተወልዶ እንዳደገ ልጅ ዕብራይስጥ የምናገር ልጅ ለምን በዝግታ ወደሚያስተምሩበት ክፍል እንደምገባ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ጥያቄ ያለው ሰው ሁሉ በእኔ አፍ ነበር የሚጠይቀው፤ እኔ ደግሞ ለራሴ መጠየቅ ትዝ አላለኝም። ስንወጣ ዮዔጼቷ ቸኮሌት ሰጠችኝ። በአውቶቡስ ከጓደኛዬ ጋር እኩል ተካፍለን በላነው።

ትንሿ ክፍል የነበረችው ከግቢው መጨረሻ፣ ከብየዳው ዎርክሾፕ ጀርባ ነው። አሥራ ስምንት ነበርን፤ አሥራ አራታችን ከኢትዮጵያ፣ አራቱ ከሩሲያ ደቡብ፣ ከካውካዝ ተራሮች የመጡ። የቀረው ትምህርት ቤት «የኢትዮጵያውያኑ ክፍል» ይለን ነበር። ከካውካዞቹ አንዱ፣ ረጅምና ቀይ የሆነ ልጅ፣ «እኔም ሳላስበው ጎንደሬ ሆንኩ» እያለ ያስቀን ነበር። አማርኛ ስድብ ከእኛ ወንዶች ለምዶ አጥርቶ ይሳደባል። ጠዋት ጸሎት ላይ ከሌሎቹ ጋር አንድ አዳራሽ እንቆማለን፤ ጸሎቱ ሲያልቅ እነሱ ወደ ፎቅ ይወጣሉ፣ እኛ ወደ ጓሮ እንሄዳለን። ወንዶቹ ብየዳ፣ ሴቶቹ ስፌት። በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት የትራስ ልብስ እንደሰፋሁ እግዜር ይወቀው።

መከፋት ብቻ ነበር ብዬ ብናገር ግን ውሸት ነው። እንስቅ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ከኋላ ተጠጋግተን ተቀምጠን እንዘፍን ነበር። ከትምህርት በኋላ ወደ ገደሉ አፋፍ ሄደን ባሕሩን ቁልቁል እያየን የሱፍ አበባ ፍሬ እንፈለፍላለን። ካርታ ላይ ትልቁን የዓለም ክፍል ተሻግረን የመጣን ሰዎች ስለሆንን፣ ከእንግዲህ ያለው መንገድ አጭር መስሎን ነበር።

ጓደኛዬን ያስጨነቃት ሒሳቡ ነው። መምህሩ ደግ፣ ደክሞት የሚውል ሰው ነበር። ለግማሽ ዓመት የተሰጠንን ቀጭን ደብተር በአራት ቀን ጨርሳ አስረከበችው። አገላብጦ አየና «ጎበዝ! በይ አሁን ሌሎቹ እስኪጨርሱ አርፈሽ ተቀመጪ» አላት። ተቀመጠች። በሁለተኛው ደብተርም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ ቀስ እያለች መሥራት ጀመረች፤ አንድ ቀን ስድስት ጥያቄ፣ አንድ ቀን አራት። ሰውየው እንዳይቸገር ነው።

«የሚያስተምሩን እኮ ጎንደር አምስተኛ ክፍል የጨረስኩትን ነው» አለችኝ አንድ ቀን።

«ቀስ በቀስ ከፍ ያደርጉታል» አልኳት። ከየት አምጥቼ እንዳልኩት አላውቅም።

ከሺኩናችን ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ የምትኖር አንዲት ሩሲያዊት ልጅ ትምህርት ቤታችን ፎቅ ላይ ባለው ትልቁ ክፍል ትማር ነበር። ጓደኛዬ ከእሷ የሒሳብ መጽሐፍ ተውሳ ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ትሠራለች፤ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ አልነበራቸውም። የደረጃው መብራት በየደቂቃው ይጠፋል። አጠገቧ ተቀምጬ ማብሪያውን የምጫነው እኔ ነኝ። ጥያቄውን በዕብራይስጥ አነብላትና ወደ አማርኛ እመልስላታለሁ፤ እሷ ትሠራዋለች፤ መልሱ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ካለው ጋር ሲገጥም ጉልበቴን ትመታኛለች።

አሥራ አንደኛ ክፍል፣ የዓመቱ ትምህርት በሚጋመስበት በዚህ አገር ክረምት ላይ፣ ዮዔጼቷ እንደ ልማዷ ከስፌት ትምህርት አስጠራችኝ። ከክፍላችን አንድ ወንድ ልጅ ትምህርቱን ጥሎ ሥራ ሊገባ ነበርና አባቱ ተጠርተው መጥተዋል። ተረጎምኩ። አባትየው ልጁን እንደሚመክሩት ቃል ገብተው ወጡ። እኔም ልወጣ ስል፣ እንዲያው እግረ መንገዴን፣ «የሒሳብ ባግሩት የምንፈተነው ዘንድሮ ነው ወይስ ለከርሞ?» አልኳት። ባግሩት የመንግሥት ፈተና ነው፤ እሱን ያላለፈ ዩኒቨርሲቲም ሆነ የነርስ ትምህርት ቤት አይገባም።

ብዕሯን አስቀመጠች።

«የእናንተ ክፍል ባግሩት የለውም» አለችኝ። «አሥራ ሁለት ዓመት መማራችሁን የሚገልጽ ቴዑዳ ታገኛላችሁ። ምስክር ወረቀት ነው። ለብዙ ሥራ ይበቃል።»

«ወላጆቻችን ግን...»

«ስሚኝ» አለች። ተነሥታ በሩን ዘጋች። «ይህንን ክፍል ውስጥ አትናገሪ። ተስፋ ይቆርጡና ጥለው ይወጣሉ። መንገድ ላይ ነው የሚቀሩት። የዛሬውን ልጅ አይተሽ የለ? ለእነሱ ስትይ ነው። አንቺን ግን አይሻለሁ፤ አንቺ ሌላ ነሽ። ከትልቁ ክፍል ጋር ሥነ ጽሑፍና እንግሊዝኛ እንድትፈተኚ አደርጋለሁ። በጸጥታ።»

«በሴደር» አልኳት። እሺ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ለራሴ ብዙ ምክንያት ደርድሬያለሁ። ልጅ ነበርኩ፤ ትልቅ ሰው አዘዘችኝ፤ ብናገርም የሚለወጥ ነገር አልነበረም። የጓደኛዬ እናትም «ትችላለች ብለሽኝ አልነበረም ወይ?» ይሉኛል ብዬ ፈርቻለሁ። ሁሉም እውነት አለበት። ከሁሉም በላይ እውነት የሆነው ግን ያንን ሁለት ፈተና መፈለጌ ነው። ፎቅ ላይ ካለው ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ወደ ባሕሩ በሚያይበት፣ አንድ ወንበር ለእኔ እንዲቀመጥልኝ ፈለግሁ። ዋጋው ዝምታ ነበር፤ ከፈልኩ።

በሳምንት ሦስት ቀን ከስፌት ክፍል እወጣ ጀመር። ጓደኛዬ «የት ነው የምትሄጅው?» ትለኛለች። «ጸሐፊዋን ላግዛት» እላታለሁ። ስመለስ የትራስ ልብሴ ተሰፍቶ፣ ክሩ ተቆርጦ፣ ተጣጥፎ ቦታዬ ላይ አገኘዋለሁ። መምህሯ ሥራዬን እንዳታጓድልብኝ እሷ ሰፍታልኝ ነው። ከዓመት በላይ እንዲህ ሆነ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ጓደኛዬ ለነርስ ትምህርት ቤት ልትመዘገብ ወሰነች። ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ሁለት አውቶቡስ ይዞ ይኬዳል። ካርዶቿን ሁሉ በፕላስቲክ ማኅደር አድርጋለች፤ ከዘጠና አምስት በታች ያለ ቁጥር የለበትም። እናቷ ሸሚዟን ተኩሰውላታል።

«አብረን እንሂድ» አለችኝ። «ዕብራይስጡ ቢጠፋብኝስ?»

«ሆዴን ቆርጦኛል» አልኳት።

ፌርማታው ድረስ ሸኘኋት። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮቱ እጇን አወዛወዘችልኝ። በዚያች ደቂቃ እንኳ ሮጬ መስታወቱን ብደበድብ ይቻል ነበር።

በማግስቱ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ እጇን ሳታወጣ ተነሥታ ቆመች። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፍ ነበር።

«መምህር፣ እኛ ባግሩት አለን?»

መምህሩ ዞረ። «እንዴ፣ አላወቃችሁም?» አለ። እየቀለደ አልነበረም፤ የደነገጠው እሱ ነበር። «እኔ የሚታወቅ መስሎኝ...»

«ትናንት የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ካርዴን አየችና ሳቀችብኝ» አለች ጓደኛዬ። «መቶ ብታገኚም ባግሩት ካልሆነ ከምንም አይቆጠርም አለችኝ።»

ያ ቀዩ የካውካዝ ልጅ በአማርኛ ተሳደበ፤ ያን ቀን ማንም አልሳቀለትም። ከዚያ አሥራ ስምንታችንም ተነሥተን ግቢውን አቋርጠን ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገባን። ወንበር አልበቃ ብሎ ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። ርእሰ መምህሩ አልተቆጣም። መሳቢያ ከፍቶ አንድ ማኅደር አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ወረቀቶቹን አሳየን። የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ፊርማ፤ አንዳንዱ የጣት አሻራ፤ አንዱ ደግሞ ተጭነው የጻፉት፣ ከጀርባው ያበጠ።

«ወላጆቻችሁ ተስማምተው ፈርመዋል» አለ። «በቋንቋቸው ተተርጉሞላቸዋል።»

አሥራ ሰባት ራስ ወደ እኔ ዞረ። ወለሉን አየሁ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የጓደኛዬ እናት እቤታችን መጡ። የሆቴሉን የሥራ ልብስ እንኳ አላወለቁም ነበር። አባቴ ወንበር ሰጥቷቸው፣ ነገሩን አስቀድሞ ሰምቶ ስለነበር፣ ራሱን አቀርቅሮ ወደ በረንዳው ወጣ።

«ነይ እስኪ ተቀመጭ» አሉኝ በራሴ ቤት። ተቀመጥኩ። «ያን ቀን ሴትዮይቱ ምን ነበር ያለችኝ? አንች የነገርሽኝን ተይው፤ የእሷን ቃል ነው የምጠይቅሽ።»

«ሁሉም ነገር ክፍት ነው ነበር ያለችው» አልኳቸው።

«ክፍት ነው?»

«አዎ።»

«ትችላለች አላለችም?»

«አላለችም። እኔ ነኝ ያልኩት። ማለቷ መስሎኝ ነው።»

እጃቸው በሳሙናና በበረኪና ብዛት ቆዳው ተልጧል፤ ጭናቸው ላይ አድርገው ያሹታል። እንዲጮሁብኝ ጠብቄ ነበር። እንዲጮሁብኝ ፈልጌ ነበር።

«አንችማ ሕፃን ነበርሽ» አሉ መጨረሻ ላይ። «የልጄን ነገር በሕፃን አፍ የጠየቅሁ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከመንደርተኛው ጋር ብመክር፣ ዕብራይስጥ የሚያውቅ ትልቅ ሰው ብፈልግ ምን ነበረበት? አንች ምን አጠፋሽ፤ ደክመሽልኛል እንጅ።» ተነሡና ግንባሬን ስመውኝ ሄዱ።

ያኔ ልነግራቸው ይገባ ነበር። ለስሕተቱ ይቅር ብለውኛል፤ ከስሕተቱ በኋላ ዓመት ሙሉ ማወቄን ግን አላወቁም። አፌ ድረስ መጣ። በሩ ሲዘጋ ግን ደረቴ ቀለል ያለኝ መሰለኝና ዋጥኩት።

የመመረቂያው መጽሐፍ የመጣው በዚህ መሐል ነው። በየዓመቱ ተመራቂዎች አንድ የመታሰቢያ መጽሐፍ ያሳትማሉ፤ እያንዳንዱ ክፍል ስላሳለፈው ሦስት ዓመት አንድ ገጽ ይጽፋል። ክፍላችን ለሁለት ቀን ተጨቃጨቀ። ግማሹ ምንም አንጻፍ አለ፤ ግማሹ እንሳደብ አለ። በመጨረሻ ጓደኛዬ ጻፈችው፤ ዕብራይስጡን እንዳስተካክል ለእኔ ሰጠችኝ። የሚስተካከል ብዙ አልነበረበትም። «ሦስት ዓመት በዝግታ ተማርን። የተማርነውን አስቀድመን እናውቀው ነበር። ማወቅ የነበረብንን ማንም አልነገረንም። ወላጆቻችን አምነዋችሁ ነበር» ይላል። አሥራ ስምንታችንም ፈረምን። እኔም «ማንም አልነገረንም» ከሚለው ሥር ፈረምኩ።

መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ የእኛ ገጽ ላይ ያ ጽሑፍ አልነበረም። ለስግድ፣ ለእኛ ለቤተ እስራኤል በዓል፣ ነጭ የሐበሻ ልብስ ለብሰን የተነሣነው ፎቶግራፍ ገጹን ሞልቶታል፤ ከሥሩ «ከሩቅ መጥተን ቤት አገኘን። በትዕግሥት ላስተማራችሁን፣ በፍቅር ለተቀበላችሁን ሁሉ እናመሰግናለን። ትንሿ ክፍል» ይላል። ከካውካዝ የመጡት አራቱ ልጆች ፎቶግራፉ ላይ የሉም፤ ተቆርጠው ወጥተዋል።

በምረቃው ዕለት አዳራሹ በሰው ሞላ። የእኛ ወላጆች ከኋላ በኩል ነጭ በነጭ ሆነው ተቀምጠዋል። ፕሮግራሙ ሊጀመር ሲል ዮዔጼቷ ፈልጋ አገኘችኝና «ርእሰ መምህሩ ሲናገሩ ለወላጆች መድረኩ ላይ ሆነሽ ትተረጉሚያለሽ፤ እንዲደሰቱ» አለችኝ። እምቢ ማለት እንደሚቻል አላሰብኩም። ወጣሁ።

ርእሰ መምህሩ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ አገሩ፣ ስለ መጪው ዘመን ተናገረ። አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እያለ ያቆምልኛል። ከዚያ መጽሐፉን ከፍቶ የእኛን ገጽ አነበበ፤ «እነዚህ ልጆች በራሳቸው ቃል እንዲህ ብለዋል» ብሎ። አነበበና ወደ እኔ ዞረ።

መድረኩ ላይ አማርኛ የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ የፈለግሁትን ማለት እችል ነበር። «አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ይህንን እኛ አላልንም፤ ዛሬ የሚሰጡን ወረቀት ባዶ ነው» ብል ማን ያቆመኛል? ዓረፍተ ነገሩ ጭንቅላቴ ውስጥ ተሰድሮ ቀርቧል። አባቴን አየሁት። ከጎኑ ያለውን ሰው በክርኑ ጎሰም አድርጎ ወደ እኔ ያሳየዋል። ፎቅ ያሉት ተማሪዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ እኔም ከእነሱ ጋር የተፈተንኩት የሁለቱ ባግሩት ውጤት ገና አልመጣልኝም።

«አባቶቼ፣ እናቶቼ» አልኩ፤ «ልጆቻችሁ እንዲህ ይላሉ፤ ከሩቅ አገር መጥተን ቤት አገኘን። በትዕግሥት ላስተማሩን፣ በፍቅር ለተቀበሉን ምስጋናችን የላቀ ነው።» በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ አማርኛ ተናግሬ አላውቅም። አንድም ቃል አልጨመርኩም፣ አንድም አላጎደልኩም። ከኋላ እልልታው ቀለጠ፤ ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። የጓደኛዬ እናት ብቻ እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ።

ጓደኛዬ ስሟ ሲጠራ ወጥታ ወረቀቱን ተቀብላ ወረደች። በሩ ላይ ስንተላለፍ ቆም አለችና፣

«አማርኛሽ ያምራል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ያናገረችኝ ቃል ይህ ብቻ ነበር።

ክፍሉ ተበተነ። ወንዶቹ ወደ ወታደርነት ሄዱ፤ ሁለቱ ሳይጨርሱ ወጡ። ሴቶቹ ብዙዎቹ ማሸጊያ ቤትና ሆቴል ገቡ፤ እናቶቻቸው ከሚሠሩበት። ጓደኛዬ በውትድርናው ፋንታ ብሔራዊ አገልግሎቷን የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ ፈጸመችና እዚያው ተቀጠረች። እኔ ሁለቱን ፈተና አልፌ ነበር። የቀረውን በማታ ትምህርት ለመጨረስ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ እንግሊዝኛ የሌለው ሰው ግን ከዜሮ ነው የሚጀምረው። አንድ የሕክምና ጣቢያ በጸሐፊነት ቀጠረኝ። የእኛ ሰው ሲመጣ እተረጉማለሁ።

ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ማዕከላዊው አውቶቡስ ጣቢያ ውስጥ አገኘኋት። መጦሪያ ቤቱ የሚያለብሳቸውን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሳ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሳታስበው ፈገግ አለችልኝና አጠገቧ ቦታ ለቀቀች። ተቀመጥኩ። አግብታ አንድ ልጅ ወልዳለች። ሽማግሌዎቹን ታጥባለች፣ ታበላለች። ነርሷ መድኃኒት ስትሳሳት አይታ ሁለት ጊዜ አስታውቃለች፤ መርፌ ግን መንካት አይፈቀድላትም። ማታ ትምህርት ጀምራ ነበር፤ ሒሳቡን መቶ አምጥታ፣ እንግሊዝኛው ላይ ልጁ ሲወለድ አቋረጠች።

«እናቴ ሁልጊዜ ታነሳሻለች» አለችኝ። «ሕፃን ልጅ ነበረች፣ ለምን ቂም ትይዣለሽ ትለኛለች። እውነቷን ነው። በአሥራ አራት ዓመትሽ ምን ታውቂ ነበር። እኔም ትቼዋለሁ። ቅዳሜ እቤት ነይ።»

ዝም ብዬ እሺ ማለት ነበረብኝ ይሆናል። ግን በዚያ ይቅርታ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ መቀመጥ አልቻልኩም።

«አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ አውቄ ነበር» አልኳት። «ባግሩት እንደሌለን። ዮዔጼቷ ነገረችኝ። ጸሐፊዋን ላግዝ እያልኩሽ የምሄደው ፎቅ ልማር ነበር።»

ከፊታችን አንድ አውቶቡስ ሰው አራግፎ ሄደ።

«አሥራ አንደኛ ክፍል መቼ?»

«ክረምት ላይ።»

በጣቶቿ ስትቆጥር አየኋት። «አንድ ዓመት ተኩል» አለች። «ያን ሁሉ ጊዜ መጽሐፉን ጨርሼው ነበር እኮ። ደረጃው ላይ። ብትነግሪኝ እንደ ውጭ ተፈታኝ እመዘገብ ነበር። መመዝገቢያው ለሁሉም ሰው ነበር። እስከ ፈተናው ድረስ እንግሊዝኛውንም እደርስበት ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«የትራስ ልብስሽን እየሰፋሁልሽ።»

«አውቃለሁ።»

አላለቀሰችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። ቦርሳዋን አንሥታ ትከሻዋ ላይ አደረገች። «ለእናቴ አልነግራትም» አለችኝ። «አንቺን እንደ ልጇ ነው የምታይሽ፤ በዚህ ዕድሜዋ አላሳዝናትም። አንቺ ግን ቤታችን አትምጪ።» አውቶቡሷ ገና አልመጣም ነበር፤ ሄዳ ሌላ ምሰሶ ሥር ቆመች።

እናቷ አሁንም አባቴን ምኩራብ ሲያገኙት ስለ እኔ ይጠይቁታል። «ልጅቱ ምነው ጠፋች? ምን አስቀየምኳት?» ይሉታል። አባቴ እየመጣ ይነግረኛል፤ ምን ልበላቸው ይለኛል። ሥራ በዝቶባት ነው በላቸው እለዋለሁ።